የድሮ የቻይና የሰይፍ ፊልም ምኑ ነው የሚወደደው? ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «አባቴ የድሮ የቻይና የሰይፍ ፊልም ከከፈተ ማንም አያናግረውም። ከቪዲዮ ቤት ዘመን ጀምሮ ያያል፣ አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ። እኔ ግን አስር ደቂቃ እንኳን አልችልም። ሰው ይበራል፣ አንዱ ብቻውን ሰላሳ ሰው ይጥላል፣ ደሙ ቀለም መሆኑ ያስታውቃል፣ አፋቸውና ድምፁ አይገጥምም። ይሄ ካራቴ ፊልም ምኑ ነው የሚወደደው? ትዝታ ብቻ ነው ወይስ እኔ ያላየሁት ነገር አለ? ተዋናዮቹስ እውነት ሰይፍ ይችላሉ? ልሞክረው ብል ከየት ልጀምር? የ13 ዓመት ወንድሜም የመጥረጊያ እንጨት ይዞ መለማመድ ጀምሯል።»

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል፣ ምክንያቱም ግማሹ ችግር የሚመጣው ከዛ ነው። ካራቴ የጃፓን ነው፣ ከኦኪናዋ የመጣ፣ አባትሽ የሚያያቸው ፊልሞች ውስጥ ካራቴ የለም። ኩንግ ፉ ፊልምም አይደሉም። ቪዲዮ ቤቶቻችን ብሩስ ሊንም ጃኪ ቻንንም ባለሰይፎቹንም በአንድ ስም ስለሚያሳዩ ነው ተቀላቅሎ የቀረው። ኩንግ ፉ ፊልም የሚያሳይሽ አካልን ነው፣ ቡጢ፣ እግር፣ ላብ፣ ልምምድ፣ ሰውየው ያንን ነገር በርግጥ መስራት እንደሚችል በዓይንሽ እንድታረጋግጪ ነው የሚፈልገው፣ ብሩስ ሊ ሸሚዙን የሚያወልቀው ለዛ ነው። ዉሺያ የሚባለው የሰይፍ ፊልም ግን ይሄን ማረጋገጫ ሊሰጥሽ አልመጣም። የሚሰጥሽ ዓለም ነው፣ የራሱ ሕግ ያለው፣ ሰው ቃሉን ጠብቆ የሚሞትበት፣ ችሎታ ደግሞ ከአካል አልፎ የሚሄድበት ዓለም። አንቺ ከዚህኛው የዛኛውን ስትፈልጊ ነው አስር ደቂቃ ላይ የምትሰለቺው።

አሁን ወደ መብረሩ። አይበሩም፣ ይዘላሉ፣ ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም። በቻይና የሰይፍ ልቦለዶች ውስጥ ለዓመታት ትንፋሹንና አካሉን የገራ ሰው ክብደቱ ይቀንስለታል፣ ጣራ ላይ ይወጣል፣ በቀርከሃ ጫፍ ላይ ይረማመዳል የሚል የታወቀ ነገር አለ። የአገሩ ተመልካች ሲኒማ ቤት የሚገባው ይሄን አውቆ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሆንግ ኮንግ ውስጥ እነዚህ ታሪኮች በየቀኑ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ይወጡ ነበር፣ ጂን ዮንግ የሚባለው ደራሲ ከ1955 እስከ 1972 ድረስ እንዲህ ነው የጻፈው፣ 1959 ላይ እንደውም የራሱን ጋዜጣ አቋቁሞ ሰው ጋዜጣውን የሚገዛው ታሪኩ የት እንደደረሰ ለማወቅ ነበር (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስለዚህ ያ ተመልካች «ሰው ይበራል እንዴ» ብሎ አይጠይቅም፣ «ይሄኛው ዳይሬክተር ዝላዩን እንዴት ያሳየናል» ብሎ ነው የሚጠብቀው።

እንዴት እንዳሳዩት ደግሞ እኔ በሙያዬ ኤዲተር ስለሆንኩ ትንሽ ልቆይበት። ኪንግ ሁ የሚባል ዳይሬክተር አለ፣ የዚህ ዘውግ ትልቁ ሰው ነው፣ 1932 ቤጂንግ ተወልዶ 1949 ሆንግ ኮንግ የገባ። እሱ ዝላዩን የሚሰራው በትራምፖሊን (ሰውን ወደ ላይ የሚያነጥር የተወጠረ ሸራ) እና በመቀስ፣ ማለትም ፊልሙን ቆራርጦ በመቀጠል ነው። መሬቱን የሚገፋ እግር ታያለሽ፣ ካት፣ ፍሬሙን አቋርጦ የሚያልፍ ልብስ ታያለሽ፣ ካት፣ ሌላ ቦታ ላይ የሚያርፍ ሰው ታያለሽ። መሀል ያለው ሾት፣ ማለትም ሳይቆረጥ የሚታየው አንዱ ቁራጭ፣ አንዳንዴ ግማሽ ሴኮንድ እንኳን አይሞላም። ማለትም በረራውን አላሳየሽም፣ አንቺ ነሽ በጭንቅላትሽ የሞላሽው። «ኤ ተች ኦፍ ዜን» የሚባለው ፊልሙ ላይ የቀርከሃ ጫካ ውስጥ ያለው ውጊያ አለ፣ ሴትየዋ ወደ ላይ ወጥታ ከቀርከሃው አናት ሰይፏን አስቀድማ በአፍጢሟ ወደ ታች ትወረወራለች፣ ይሄን ሙሉ ውርወራ በአንድ ሾት አታዪውም፣ ተቆራርጦ ነው የተሰጠሽ፣ ቁርጥራጮቹ ደግሞ ዓይን በደንብ ሳይዛቸው ያልፋሉ። ሆን ተብሎ ነው። የችሎታው ፍጥነት ከዓይን በላይ ነው ማለት ከፈለግሽ ለዓይን በቂ ጊዜ አትሰጪውም፣ በቃ። ፊልሙ 1975 ካን ፌስቲቫል ላይ የቴክኒክ ሽልማት ያገኘውም በዚህ ዓይነት ስራ ነው። አሁን ላይ ኮምፒውተር ሁሉንም ነገር ሙሉ በሙሉ ሲያሳይሽ ምንም የማይሰማሽ ለምን እንደሆነ ከዚህ ትረጂዋለሽ።

ተዋናዮቹ ሰይፍ ይችላሉ ወይ ላልሽው፣ አብዛኞቹ ዋና ዋናዎቹ አይችሉም ነበር፣ ቢያንስ አንቺ በምታስቢው መንገድ። ቼንግ ፔይፔይ፣ የዘውጉ ንግስት የምትባለው፣ የተማረችው ዳንስ ነው፣ ባሌት። ጂሚ ዋንግ ዩ ከመታወቁ በፊት ዋናተኛ ነበር። የቀርከሃዋ ሴት ሹ ፌንግ ፊልም ስትጀምር ገና ልጅ ነበረች፣ ማርሻል አርት አታውቅም (በነገራችን ላይ በኋላ ፕሮዲውሰር ሆና 1993 ካን ላይ ትልቁን ሽልማት የወሰደውን «ፌርዌል ማይ ኮንኩባይን»ን ያሰራችው እሷ ናት፣ ስለሷ ለብቻ መጻፍ አለበት)። ታዲያ ችሎታው የማን ነው? ከካሜራ ጀርባ ያሉት የውጊያ ኮሪዮግራፈሮች ነው። ከኪንግ ሁ ጋር የሰራው ሃን ዪንግጂየ ከቤጂንግ ኦፔራ (ዘፈን፣ ትወናና አክሮባት ከተቀላቀለበት የቻይና ባህላዊ ቲያትር) የመጣ ሰው ነው፣ በኋላ 1971 ላይ ብሩስ ሊን ባስጀመረው ፊልም ዋናው ጠላት ሆኖ የተጫወተውም እሱ ነው። ቤጂንግ ኦፔራ ላይ ውጊያ በከበሮና በእንጨት ማጨብጨቢያ እየታጀበ ነው የሚሄደው፣ እርምጃ፣ እርምጃ፣ ዞር፣ ከዛ ድርቅ ብሎ መቆም። ያ ድርቅ ብሎ መቆም ነው ሁሉም ነገር። ተዋናዩ ለአንድ አፍታ እንደ ሐውልት ሲቆም ተመልካቹ ማን እንደሆነና ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያነባል፣ ከዛ እንደገና ይፈነዳል። ኪንግ ሁ ራሱ የፊልሞቹን ውጊያ እንደ ዳንስ እንጂ እንደ ጠብ እንደማያየው ተናግሯል፣ ዳንሰኛ የመረጠውም ለዚህ ነው። ስለዚህ «እውነተኛ ጠብ አይመስልም» ብለሽ ከከሰስሽው ልክ ነሽ፣ ግን ክሱ አይመለከተውም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ እኔ እነዚህን ፊልሞች የምወድበትን ምክንያት፣ ብዙ ሰውም ሳያውቀው የሚወድበትን። የሰይፍ ፊልም ጥፍጥናው ሰይፉ ከመመዘዙ በፊት ያለው ጊዜ ላይ ነው። ውጊያው ሲጀመር ያልፋል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፣ ከዛ በፊት ያለው መጠበቅ ግን አስራ አምስት ደቂቃ ሊሄድ ይችላል፣ አንቺ ደግሞ ያንን ነው «ምንም አልተከሰተም» ብለሽ ስልክሽን የምታነሺው።

1966 ላይ የወጣውን «ካም ድሪንክ ዊዝ ሚ»ን ውሰጂ። ወንበዴዎች የአገረ ገዢውን ልጅ አግተው በእሱ ምትክ የታሰረ አለቃችንን ፍቱልን ይላሉ። አገረ ገዢው የሚልከው ወታደር አይደለም፣ አንድ ሰው ነው፣ ወርቃማዋ ዋኖስ የምትባል፣ የታጋቹ እህት፣ የወንድ ልብስ ለብሳ። አንድ የመንገደኛ ማረፊያ ትገባለች፣ ጠረጴዛ ይዛ ትቀመጣለች፣ መጠጥ ታዛለች። ዙሪያዋን የተቀመጡት ተስተናጋጆች በሙሉ የወንበዴው ሰዎች ናቸው። እሷ ታውቃለች፣ እነሱም እንደምታውቅ ያውቃሉ፣ ግን ማንም አይናገርም፣ ሁሉም መንገደኛ መስሎ ነው የተቀመጠው። አንዱ መጥቶ ያናግራታል፣ በትህትና። ሌላው የሆነ ነገር ወደሷ ይወረውራል፣ እሷ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ታስቆመዋለች፣ እንደገና መጠጧን ትይዛለች። ሌላ ነገር ይወረወራል። እጇን ተመልከቺ፣ ፊቷን ተመልከቺ፣ ማለትም የማይንቀሳቀሰውን። ካሜራው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየሄደ ማን ወዴት እንዳየ ያሳይሻል፣ ማን ወንበሩን በትንሹ እንዳዞረ፣ ማን በሩ ጋ እንደቆመ፣ ስለዚህ ሰይፉ በመጨረሻ ሲመዘዝ አንቺ የክፍሉን ካርታ በቃልሽ ይዘሽዋል፣ ከየት በኩል እንደሚመጣባት ከሷ እኩል ነው የምታውቂው። ይሄ ነው የሚያስጨንቀው። ትርኢቱ ጉልበት አይደለም፣ እርጋታ ነው። ክፍል ሙሉ ሰው ሊገድላት ተቀምጦ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሰው ማየት፣ በዛ ላይ ሴት፣ በ1966!

ኪንግ ሁ ማረፊያ ቤቶችን እንዲሁ አልወደዳቸውም። ከዛ በኋላ 1967 ላይ ታይዋን ሄዶ የሰራው «ድራገን ኢን»ም፣ 1973 ላይ ያወጣው «ዘ ፌት ኦፍ ሊ ካን»ም ማረፊያ ውስጥ ናቸው። ማረፊያ ማንም ማንንም የማያውቅበት፣ ሁሉም የሆነ ነገር የሚደብቅበት፣ በር አንድ የሆነበት ቦታ ነው። በ«ድራገን ኢን» የቤተ መንግስቱ ስለላ ሹም አንድ ሚኒስትር አስገድሎ ልጆቹን ወደ ጠረፍ ያሰድዳል፣ ከዛ መንገድ ላይ ሊያስጨርሳቸው ገዳዮቹን ጠረፍ ላይ ያለው ማረፊያ ውስጥ አስቀድሞ ያስቀምጣል፣ ሊያድኗቸው የሚፈልጉትም አንድ በአንድ እዛው ይሰበሰባሉ። ግማሹ ፊልም እንግዲህ ምግብ ሲቀርብ፣ ሰው ሲገባ፣ ሰው ሲመዘን ነው። ያስገረመኝ ነገር ቢኖር ይሄን ሁሉ ሳይሰለቸኝ ማየቴ ነው።

ሌላኛው መንገድ ቻንግ ቼ የሚባለው ዳይሬክተር መንገድ ነው፣ እሱ እርጋታ አይደለም፣ ቁጣ ነው። «ዋን አርምድ ስወርድስማን» 1967 ላይ ወጣ፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ ሚሊዮን የአገሩን ዶላር ያስገባ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ፊልም ነው፣ ያ ዓመት ደግሞ ከተማዋ በአመፅና በቦምብ የታመሰችበት ዓመት ነው፣ ወጣቱ ምን ፈልጎ ሲኒማ ቤት እንደገባ መገመት አይከብድም። አባቱ የሰይፍ መምህሩን ሲያድን የሞተበት ድሃ ልጅ አለ፣ መምህሩ ያሳድገዋል፣ የሀብታም ልጆች ይንቁታል፣ አንድ ሌሊት በበረዶ ውስጥ የመምህሩ ልጅ በንዴት ቀኝ እጁን ትቆርጠዋለች። ሰይፈኛ ያለ ቀኝ እጅ። ከዛ ግማሹ የተቃጠለ የማስተማሪያ መጽሐፍ ያገኛል፣ ያለው ሰይፍ ደግሞ አባቱ የተወለት የተሰበረ ሰይፍ ነው፣ እና በግራ እጁ ይለማመዳል። እዚህ ላይ አንቺ «ታሪክ የላቸውም» ብለሽ ባትይም ብዙ ሰው ስለሚል ልመልስ፦ ጠላቶቹ የሰሩት መሳሪያ አለ፣ ሰይፍሽን ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ሙሉ ሰይፍ ይዞ የመጣ የመምህሩ ተማሪ ሁሉ ሰይፉ ሲያዝበት በሌላ አጭር ስለት ይወጋል። አንድ በአንድ ያልቃሉ። ልጁ ግን ሰይፉ አጭር ነው፣ ስልቱም በግራ እጅ፣ እነሱ የተዘጋጁለት ዓይነት አይደለም። ጉድለቱ ነው ያዳነው። ይሄንን ዲያሎግ አይነግርሽም፣ በብረትና በርዝመት ነው የተነገረው። ሲያሸንፍ ደግሞ የመምህሩን ወንበር አይወስድም፣ ትቶ ወደ እርሻ ይሄዳል። ለእኔ ከየትኛውም ዝላይ በላይ ይሄ ነው ዘውጉን የሚያቆመው።

የዚህ ዓለም ሰዎች ወታደር አይደሉም፣ ፖሊስ አይደሉም፣ ወንበዴም አይደሉም። ዳኛ ሲገዛና ሹም ሲበድል በራሳቸው ቃል የሚኖሩ ናቸው፣ ውለታ ይመልሳሉ፣ ደም ይመልሳሉ፣ ደካማ አይነኩም። ለእኛ ሰው ይሄ ሩቅ አይደለም፣ ፍርድ ተጓድሎበት ዱር የገባ ሽፍታን በዘፈንም በፉከራም የምናከብር ሕዝብ ነን፣ ካሳ ኃይሉ ቋራ ላይ ሸፍቶ ነው 1855 ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው። አባትሽ እነዛን ፊልሞች ያለ ትርጉም፣ ቋንቋውን ሳይሰማ፣ ገና በወጣትነቱ እንዴት እንደተረዳቸው ብትጠይቂኝ መልሴ ይሄ ነው። ማን እንደበደለ፣ ማን ቃሉን እንዳጠፈ ለማወቅ ቻይንኛ አያስፈልግም።

ትዝታ ብቻ ነው ወይ ላልሽው። ትዝታ አለበት፣ ግን ከአባትሽ ትዝታ የሚቀድም ሌላ ናፍቆት ፊልሞቹ ውስጥ ራሳቸው አለ። ዘውጉ የተወለደው ሻንግሃይ ነው፣ 1928 ላይ የአንድ ቤተ መቅደስ መቃጠልን የሚተርክ ፊልም ወጥቶ ሰዉን ስላሳበደው እስከ 1931 ድረስ 18 ክፍል ተሰራለት፣ ዛሬ አንዱም አልተረፈም። 1931 ላይ መንግስት አጉል እምነት ያስፋፋል ብሎ ይሄን ዓይነት ፊልም አገደ፣ በዛን ጊዜ ልጆች ከቤት እየጠፉ መምህር ፍለጋ ወደ ተራራ ይሄዳሉ ይባል ነበር። ከዛ ዘውጉ ወደ ሆንግ ኮንግ ተሰደደ፣ 1949 ላይ ኮሚኒስቶች ቻይናን ከያዙ በኋላ ደግሞ ሰሪዎቹም ተመልካቾቹም ስደተኞች ሆኑ። ኪንግ ሁ የተወለደባትን ቤጂንግ ትቶ የወጣ ሰው ነው፣ የድሮዎቹን የሚንግ ነገሥታት ዘመን ልብሱን፣ ቢሮክራሲውን፣ ሕንፃውን እያጠና በታይዋን ተራሮች ላይ ቻይናን እንደገና ሰራት። ያንን ስታውቂ እነዛ ባዶ ሜዳዎችና ጭጋግ የለበሱ ተራሮች ላይ ካሜራው ለምን እንደሚቆይ ይገባሻል፣ ማስጌጫ አይደለም። ከአገር ውጪ ያለ አበሻ ይሄን ያለ ማብራሪያ የሚረዳው ይመስለኛል።

ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ትዝታ የሌለው ሰው አይወደውም ነበር። 2000 ላይ አንግ ሊ «ክራውቺንግ ታይገር ሂደን ድራገን»ን ሲያወጣ አራት ኦስካር ነው ያገኘው፣ ከተመልካቹ አብዛኛው የድሮዎቹን አይቶ የማያውቅ ነበር። የቀርከሃው ውጊያ ከኪንግ ሁ የመጣ ነው፣ ክፉዋን አሮጊት የተጫወተችው ደግሞ ያቺው ቼንግ ፔይፔይ ናት፣ ከ34 ዓመት በኋላ።

አሁን ደስ የማይለውን እንነጋገር፣ አንቺ ያየሽው ኮፒ። ቅሬታሽ ውስጥ ግማሹ ፊልሙን ሳይሆን ኮፒውን ነው የሚመለከተው። ሾው ብራዘርስ የሚባለው የሆንግ ኮንግ ትልቅ ስቱዲዮ ፊልሞች የተቀረጹት በጣም ሰፊ በሆነ ስክሪን ነው፣ ስፋቱ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሄዳል። ለድሮ ቴሌቪዥንና ለካሴት ሲገለበጡ ግራና ቀኙ ተቆርጦ ተጣለ፣ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ምስል ማለት ነው። ከላይ የነገርኩሽን የማረፊያ ትዕይንት አስቢው፣ በር ጋ የቆመው ሰውዬ ፍሬም ውስጥ ከሌለ ጭንቀቱ ከየት ይመጣል? ሁለት አፍንጫ ጠረጴዛ ተሻግሮ ሲነጋገር ነው የምታዪው። በዛ ላይ እንግሊዝኛ የተጫነበት ድምፅ፣ ከበሮውንና ዝምታውን ገድሎ። ከንፈሩና ድምፁ አለመግጠሙን ግን ሙሉ በሙሉ ኮፒው ላይ አትጣይ፣ በዛን ጊዜ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳው ቀረጻው ካለቀ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ስለነበር በማንዳሪኑም (ፊልሞቹ በተሰሩበት ቻይንኛ) ትንሽ ትንሽ ይለያያል፣ ይለመዳል። ከ2002 ጀምሮ የሾው ፊልሞች ታድሰው በሙሉ ስፋታቸው መውጣት ጀምረዋል፣ የኪንግ ሁ የታይዋን ፊልሞችም ታድሰዋል። ዩቲዩብ ላይ ምስሉ አራት ማዕዘን ከሆነና የሰዎቹ ትከሻ ከተቆረጠ ዝጊው፣ ጊዜሽን አታባክኚ።

ከዚህ በኋላም ልትወጂው የማትችይው ነገር ይኖራል፣ አልደብቅሽም። አንዱ ብቻውን ሰላሳ ሰው ይጥላል ያልሽው እውነት ነው፣ ሰላሳው ከቦ አንድ በአንድ ነው የሚመጣው፣ ከመድረክ የመጣ ልማድ ነው፣ ደካማ ዳይሬክተር ጋ ያስቃል። የቻንግ ቼ ፊልሞች ውስጥ ሴቶች ወይ ያለቅሳሉ ወይ ይጠብቃሉ፣ ለእሱ ዓለም ማለት ወንድ፣ ወንድማማችነትና ቆንጆ አሟሟት ነው፣ ደሙም ከልክ በላይ ነው፣ ደማቅ ቀይ። ሾው ብራዘርስ በዓመት በደርዘን የሚቆጠር ፊልም የሚያመርት ፋብሪካ ነበር፣ አንዱ ልብስና አንዱ ግቢ አስር ፊልም ላይ ይታያል፣ ሙዚቃውም አንዳንዴ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ነው፣ ስለዚህ ያገኘሽውን ዝም ብለሽ ብትከፍቺ ደካማው ላይ የመውደቅ እድልሽ ሰፊ ነው። ባለሥልጣን ጃንደረባ ሁሌ ክፉ ነው፣ የሰው ስፋት የለውም። እነዚህን እወቂያቸውና ተቀበያቸው፣ ወይም አትቀበያቸው፣ ግን ዘውጉን በነሱ አትለኪው።

ከየት ልጀምር ላልሽው ቁርጥ ያለ መልስ አለኝ፦ «ካም ድሪንክ ዊዝ ሚ»፣ የታደሰው ኮፒ፣ በማንዳሪን ከሰብታይትል ጋር፣ ስልክ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ባለው ትልቁ ስክሪን። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪ። የሁለተኛው ግማሽ አካሄድ ትንሽ ይቀየራል፣ ሰካራሙ ጀግናና አስማት መሰል ነገር ይገባበታል፣ ካልጣመሽ አይገርመኝም፣ ማረፊያው ክፍል ግን ካልያዘሽ ዘውጉ ያንቺ አይደለም ማለት ነው፣ በግድ አትዪ። ከያዘሽ ቀጥሎ «ድራገን ኢን»፣ ከዛ «ዋን አርምድ ስወርድስማን»። «ኤ ተች ኦፍ ዜን»ን አራተኛ አድርጊው፣ ሰው ሁሉ ምርጡ እሱ ነው ስለሚልሽ በሱ እንዳትጀምሪ፣ ሦስት ሰዓት ይሄዳል፣ የመጀመሪያው ውጊያ እስኪመጣ ወደ አንድ ሰዓት ትጠብቂያለሽ፣ መጠበቁን ያልለመደ ሰው ያቋርጠዋል፣ ደግሞም ከመካከሉ በኋላ ወደ መነኮሳትና ወደ መንፈስ ነገር ስለሚሄድ ከፊቱ ያሉትን ያየ ሰው ነው በደንብ የሚደሰትበት። ምስጢርና ተንኮል የበዛበት ታሪክ የምትወጂ ከሆነ ደግሞ በጎን ቾር ዩዌን የሚባለውን ዳይሬክተር የ1976 ስራዎች ሞክሪ፣ «ኪለር ክላንስ» እና «ዘ ማጂክ ብሌድ»፣ ሁሉም ነገር ስቱዲዮ ውስጥ የተሰራ አበባና ጭስ ነው፣ ማን ማንን እንደከዳ እስከ መጨረሻው አታውቂም። የጃፓን ሳሙራይ ፊልም ሌላ ቤተሰብ ነው፣ አሁን አትደባልቂው፣ የሆንግ ኮንግ ዳይሬክተሮች በ1960ዎቹ ብዙ እንደተማሩበት ብቻ እወቂ።

አባትሽ አጠገብሽ ይቀመጥ፣ ግን እያያችሁ አትጠይቂው፣ ሲያልቅ ነው የምትጠይቂው፣ እሱ ያየው ኮፒ የተቆረጠው ስለነበር እሱም አዲስ ነገር ያያል።

ወንድምሽን በተመለከተ። ልምምዱን አትከልክሉት፣ ግን ከፊልም አይማርም፣ ምክንያቱም ከላይ እንዳልኩት ፊልሙ ላይ ያለው እንቅስቃሴ ከብዙ ሾት የተሰፋ ነው፣ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚሰራው አይደለም። ከአልጋ ወይ ከጣራ ላይ መዝለል በጭራሽ፣ ፊልሙ ላይ ያሉት የሚያርፉት የተዘጋጀ ነገር ላይ ነው። የመጥረጊያ እንጨቱን ሌላ ልጅ ባለበት አያወዛውዝ፣ ጫፉ ዓይን ከፍታ ላይ ነው የሚደርሰው፣ ጫፉ የተሰነጠቀ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩለት። እውነተኛ ስለት ቤት ውስጥ ካለ፣ ለጌጥ የተሰቀለም ቢሆን፣ አውርዳችሁ ቆልፉበት። ካልተወው ደግሞ ውሹ (የቻይና ማርሻል አርት) ክለብ አስመዝግቡት፣ አሰልጣኙን ግን ሄደሽ አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ እዪው፣ ለጀማሪ ልጅ በመጀመሪያው ወር ሰይፍ ወይም ዱላ የሚያስይዝ ከሆነ ሌላ ክለብ ፈልጊ፣ ቢያንስ መጀመሪያ አቋቋምና እግር ነው የሚማረው። የቻንግ ቼን ፊልሞች ለሱ አታሳዩት፣ እጅና ሆድ የሚቆረጥበት ለ13 ዓመት ልጅ አይሆንም። የኪንግ ሁዎቹን ግን ከናንተ ጋር ቁጭ ብሎ ይያቸው።